ከካሜራው ጀርባ፦ ደሴ ላይ የተቀረጸ የአንድ አጭር ፊልም የጉዳይ ጥናት

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ የጭቃ ቤት ውስጥ፣ የአንዲት የፊልም ተማሪ አጭር ፊልም በሦስት ቀን ተቀረጸ። ታሪኩ ቀላል ነው። ወደ ዓረብ አገር ሊሄድ የተነሣ ልጅ እናቱን ሊሰናበት ይመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ አቦልና ቶና ይጠጣሉ፤ በረካው ሳይቀዳ ልጁ ይነሣል። ስክሪፕቱ 9 ገጽ፣ 14 ትዕይንትና 62 የታቀዱ ሾቶች (ካሜራው ሳይቋረጥ የሚቀርጻቸው ቁራጮች) ነበሩት። ቡድኑ አራት ሰው ነው፦ አዘጋጇ፣ ካሜራማኑ፣ ድምፅ ያዡና ለሁሉም ሥራ የሚሯሯጥ አንድ ረዳት።

ይህ ጥናት የሚከተለው ካሜራማኑን ነው። እርሱም የሦስተኛ ዓመት የፊልም ተማሪ፣ የአዘጋጇ የክፍል ጓደኛ ነው። ስክሪፕቱን አልጻፈም፣ ተዋንያኑን አልመረጠም፣ ኤዲቲንጉንም የሚሠራው ሌላ ሰው ነው። የፊልም ተማሪ የራሱን ፊልም ከሚሠራበት ቀን ይልቅ በሌላ ሰው ፊልም ላይ ካሜራ የሚይዝበት ቀን ይበዛል፤ ለዚህ ሥራ ግን ተዘጋጅቶ የሚሄደው ጥቂቱ ነው። በዚህ ቀረጻ ከባከነው አብዛኛው የባከነው ካሜራው ከመከፈቱ በፊት መነሣት የነበረባቸው ጥያቄዎች ስላልተነሡ ነው።

ይዞት የመጣው ልማድ

ተማሪው ከዚህ በፊት በሰው ሥራ ላይ ሁለት ጊዜ ካሜራ ይዟል። ሁለቱም ጠቅመውታል፤ ሁለቱም ደግሞ ለዚህ ቀረጻ የማይሆን ልማድ አሳድረውበታል።

የመጀመሪያው ኮምቦልቻ ላይ የነበረ ሠርግ ነው። ካሜራው ኤሌክትሪካቸው 60 ኸርዝ ለሆነ አገሮች በሚስማማው የቪዲዮ ሥርዓት፣ በኤንቲኤስሲ፣ ተስተካክሎ ስለነበር በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ በ1/60 ሹተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን በሚቀበልበት የሰከንድ ክፍልፋይ) ቀረጸ። የአዳራሹ መብራት በሙሉ በምስሉ ላይ ሲርገበገብ ታየ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ፍሎረሰንትም ሆነ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል በዚህ መስመር ላይ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ሹተሩ 1/50 ሲሆን እያንዳንዱ ፍሬም ልክ ሁለት ድምቀት ስለሚይዝ ሁሉም ፍሬም እኩል ብርሃን ያገኛል። 1/60 ሲሆን ግን አንድ ሙሉ ድምቀትና የሁለተኛውን ሁለት ሦስተኛ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ አንዱ ፍሬም ከሌላው ይለያል። መድኃኒቱ በካሜራው ሜኑ ውስጥ የቪዲዮ ሥርዓቱን ለ50 ኸርዝ ወደሚስማማው ወደ ፓል መቀየር፣ 25 ፍሬም መምረጥና ሹተሩን 1/50 ላይ መተው ነው። በተውሶ ወይም በኪራይ የመጣ ካሜራ ሲከፈት መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው፤ ምክንያቱም የቀድሞው ተጠቃሚ ምን ላይ እንደተወው አይታወቅም።

በዚያው ሠርግ ሽማግሌዎች ሲመርቁ ካሜራው በራሱ ቆመ። ካኖን 80ዲ አንድን ቀረጻ ከ29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ በላይ አያስኬድም። ምርቃት ደግሞ አይደገምም። ከዚያ ወዲህ ተማሪው «እንዳያመልጠኝ» በሚል ፍርሃት፣ አጋጣሚው ከመጀመሩ በፊት ካሜራ መክፈትና ካለቀ በኋላም አለመዝጋት ለመደ። ለሠርግ ጥሩ ልማድ ነው።

ሁለተኛው ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባለው ሐይቅ ዳር የተሠራ የሙዚቃ ክሊፕ ነው። እዚያ ብርሃኑ ወዳማረበት መዞር ነው። ዘፋኙ በአንዱ ሾት ወደ ቀኝ፣ በሌላው ወደ ግራ ቢያይ ተመልካቹ አይደናገርም፤ ዜማው ሁሉንም ያያይዘዋል። ተማሪው ከዚህ ሥራ የወሰደው ትምህርት «ካሜራህን ብርሃኑ ወዳለበት ውሰድ» የሚል ነበር። በደሴው ቤት ብዙ ዋጋ ያስከፈለው ይኸው ነው።

መሣሪያውና ያልተጠየቀው

የነበረው መሣሪያ ይህ ነው፦ አንድ ካኖን 80ዲ፣ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ መክፈቻ ይሰፋል፣ ብዙ ብርሃንም ያስገባል)፣ ከ18 እስከ 135 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ዙም ሌንስ፣ አንድ ትራይፖድ፣ ሦስት ባትሪ፣ ሁለት ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ፣ ሁለት ትንንሽ ኤልኢዲ ፓነል፣ ብርሃን የሚቀንስ የሚዞር ኤንዲ ፊልተር፣ ነጭ አንሶላ፣ የመኪና የፊት መስታወት የፀሐይ መከለያ፣ ባለቀለም ፕላስተርና ሜትር። የመኪናው መከለያ አንድ ፊቱ ብርማ ስለሆነ ርካሽ ሪፍሌክተር (ብርሃን መላሽ) ይሆናል። ኤንዲው የተገዛው በ67 ሚሊ ሜትር፣ በትልቁ ሌንስ ልክ ነው። 50ው አፉ 49 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በማስፋፊያ ቀለበት ያንኑ ፊልተር ተጠቀመ። በትንሹ ልክ ቢገዛ ኖሮ ሁለት ፊልተር ያስፈልግ ነበር።

ከቀረጻው በፊት ቡድኑ ቤቱን ያየው ለ40 ደቂቃ ብቻ ነው። ተዋንያን የት እንደሚቀመጡ ተነጋገሩ፤ መሶቡ ከየት እንደሚመጣ ተነጋገሩ፤ ለቀበሌ የሚጻፈው የትብብር ደብዳቤም ተነሣ። ሌንስ ግን ከቦርሳ አልወጣም። የሾቱን ማዕዘን መጨረሻ ላይ የሚወስነው ማን እንደሆነ አልተነጋገሩም። ኤዲተሩ በቦታው አልነበረም፤ ስልክም አልተደወለለትም። ዕቃ ቢሰበር ማን ይከፍላል፣ ካሜራማኑ ከፊልሙ የተወሰደ ቁራጭ ለራሱ የሥራ ማሳያ ማድረግ ይችላል ወይ፣ ስሙ በክሬዲቱ ላይ እንዴት ይጻፋል የሚሉት እንኳ በቃል ታለፉ። በጓደኛሞች መካከል እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ያሳፍራል። አንድ ገጽ ወረቀት ግን ጓደኝነትን ይጠብቃል እንጂ አያፈርስም።

ክፍሉ

ክፍሉ 3.5 ሜትር በ4 ሜትር ነው። በምሥራቁ ግድግዳ አንድ ትንሽ መስኮት፣ በደቡቡ በር አለው። ግድግዳው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው።

አዘጋጇ የሣለችው የመጀመሪያ ሾት እናትና ልጅ ከነረከቦቱ በአንድ ፍሬም እንዲታዩ ነበር፤ እርሱም በ50ው ሌንስ፣ «ጀርባው ድብዝዝ እንዲል»። ካሜራው ግድግዳውን ተጠግቶ ከረከቦቱ 3 ሜትር ራቀ፤ ከዚያ በላይ ቦታ የለም። በፍሬሙ ውስጥ የገባው የእናትየው ግማሽና ጀበናው ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ካሜራ መትከል አያስፈልግም ነበር። የ80ዲ ሴንሰር፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ስፋቱ 22.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህን ለሌንሱ ቁጥር አካፍሎ በርቀቱ ማባዛት የሚታየውን ስፋት ይሰጣል። 22.5 ለ50 ሲካፈል 0.45፤ በ3 ሜትር ሲባዛ 1 ሜትር ከ35። በቪዲዮ ቅርጽ ቁመቱ ደግሞ 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች በዚህ ውስጥ አይገቡም። በ24 ሚሊ ሜትር ግን ስፋቱ 2 ሜትር ከ80፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ58 ይደርሳል፤ ሁለቱም ከነረከቦቱ በደንብ ይቀመጣሉ።

ይህ ስሌት ወረቀት ላይ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። በቀረጻው ጠዋት ግን 50 ደቂቃ በላ። አዘጋጇ ሐሳቧ የተነካባት መሰላት፤ ካሜራማኑም ቦታ እንደሌለ በቃል ማስረዳት አቃተው። በመጨረሻ ሰፊው ሾት በዙሙ 24 ላይ፣ የየብቻ ፊታቸው በ50ው ከ2 ሜትር ርቀት እንዲሆን ተወሰነ። በ2 ሜትር 50ው የሚያሳየው 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነው፤ ለራስና ለትከሻ የሚበቃ። አዘጋጇ የፈለገችው ድብዝዝ ጀርባም እዚያው ተገኘ።

የሌንስ ለውጡ የብርሃን ጉዳይ አስከተለ። ዙሙ በዚያ ልክ ከኤፍ 4 በታች አልተከፈተም። ከ1.8 ወደ 4 መሄድ ሁለት ስቶፕ ከሩብ ያህል ብርሃን ያሳጣል (በአንድ ስቶፕ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል)፤ አይኤስኦው፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ከ400 ወደ 2000 ወጣ። ለ80ዲ ይህ ያስኬዳል፤ ከዚያ በላይ ጥቁሩ ቦታ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ስለዚህ አንዱ ፓነል በነጭ አንሶላ ላይ ተመትቶ፣ ብርሃኑ ከመስኮቱ በኩል እንደመጣ ሆኖ እንዲገባ ተደረገ። የክፍሉ አምፖል ጠፋ። አምፖሉ ቢበራ ኖሮ የእርሱ ቢጫ፣ የመስኮቱ ሰማያዊና የግድግዳው ቀለም በአንድ ፊት ላይ ይገናኙ ነበር፤ ይህንን በኤዲቲንግ መለየት እጅግ አድካሚ ነው። ዋይት ባላንሱ (የካሜራው የቀለም ሚዛን) 5600 ኬልቪን ላይ ተቆለፈ። በበልግ ደመናው በየደቂቃው ይመጣል ይሄዳል፤ ኦቶ ላይ የተተወ ካሜራ በአንዱ ሾት መሐል ቀለሙን ይቀይራል።

ሌላው የነጠላው ጉዳይ ነው። እናትየው ነጭ ነጠላ ለብሳለች፤ ፊቷ ጠይም ነው። ካሜራው በራሱ ሲለካ አንድ ጊዜ ፊቷን ያጠቁራል፣ አንድ ጊዜ የነጠላውን ጥበብ ያጠፋል። 80ዲ የተቃጠለ ቦታን በመስመር የሚያሳይ ዜብራ የለውም፤ ያለው ሂስቶግራም ነው፤ ጨለማውን በግራ፣ ደማቁን በቀኝ የሚያሳይ ግራፍ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ነጠላው በሂስቶግራሙ ቀኝ ጫፍ ላይ ሳይለጠፍ እንዲቆም ብርሃኑን መቀነስ፤ ከዚያ ፊቷን በብርማው መከለያ ከታች ወደ ላይ ትንሽ ማንሣት። የተቃጠለ ነጭ በኤዲቲንግ አይመለስም፤ የጨለመ ፊት ግን በመጠኑ ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ተፈጠረ፤ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም። ካሜራማኑ እናትየዋን የምትጫወተዋን ጎረቤት «እማማ፣ ነጠላዎን ወደ ትከሻዎ ትንሽ ይመልሱልኝ፤ ሲቀዱም ቀስ ይበሉልኝ» አላቸው። እሳቸውም «አብሽር ልጄ» ብለው ቀስ ብለው ቀዱ። አዘጋጇ ግን ከዚያ በፊት ልጁን ላለማየት ሲሉ ቶሎ ቶሎ እንዲቀዱ ነግራቸው ነበር። ሁለት ቴክ (የአንድ ሾት የየጊዜ ሙከራ) በዚህ ጠፋ፤ ባለሙያ ያልሆኑት ተዋናይም ማንን እንደሚሰሙ ግራ ገባቸው። ካሜራማን ከተዋናይ የሚፈልገው ነገር ሲኖር በአዘጋጁ ጆሮ ይናገራል፤ አዘጋጁም ለተዋናይ ያደርሳል። ከዚያ በኋላ በዚሁ ሄደ።

ፎከስ የመጀመሪያው ቀን ሁለተኛ ፈተና ነበር። ልጁ በበሩ ገብቶ ሁለት እርምጃ ይራመድና በርጩማው ላይ ይቀመጣል። ይህ በ50ው፣ በኤፍ 1.8 ተሞከረ። በ2 ሜትር ርቀት በዚህ ክፍተት ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሰው ወገቡን ቀና ቢያደርግ ከዚያ ይወጣል። ኦቶ ፎከሱ ደግሞ ከበሩ በሚመጣው ብርሃንና በእጣኑ ጢስ መካከል ይዋልላል፤ ፊቱን ትቶ ጢሱን የያዘበት ጊዜ ነበር። ወደ ኤፍ 4 ሲወርድ ጥልቀቱ ወደ 24 ሳንቲ ሜትር ሰፋ። ፎከሱ በእጅ ሆነ። ወለሉ ላይ በሦስት ቦታ ፕላስተር ተለጠፈ፦ በበሩ፣ በመሐሉ፣ በበርጩማው። ርቀቱ የተለካው በሜትር፣ በካሜራው አናት ላይ ካለችው፣ መሐሏን መስመር ከሚያልፍባት ክብ ምልክት ጀምሮ ነው፤ የሴንሰሩን ቦታ የምታሳየው እርሷ ናት፤ ከሌንሱ አፍ መለካት ያሳስታል። በሌንሱ ቀለበት ላይም ሦስት ተመሳሳይ ምልክት በነጭ ፕላስተር ተደረገ። ይህ በዙሙና በ50ው ሌንሶች ላይ ሲሠራ መጠንቀቅ ያሻል፤ ቀለበታቸው ጫፍ ላይ ሲደርስ አይቆምም፣ ዝም ብሎ ይዞራልና ምልክቱ ይንሸራተታል። በየሁለት ቴኩ እንደገና ማረጋገጥ ግድ ነው።

ቡና በሚፈላበት ክፍል መቅረጽ የራሱ አደጋ አለው። ለድምፁም ለብርሃኑም ሲባል በርና መስኮት ይዘጋል፤ ከሰሉ ግን ይነዳል። በመጀመሪያው ጠዋት በሁለተኛው ሰዓት ላይ ረዳቱ ራሱን አመመው። የከሰል ጭስ የማይታየውና የማይሸተው ነው የሚገድለው። ከዚያ በኋላ ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ፍም ሲሆን ብቻ ገባ፤ በየቴኩ መሐል በሩም መስኮቱም ለአምስት ደቂቃ ተከፈተ፤ ፍሙ በማይታይባቸው ሾቶች ምድጃው ጭራሽ ወጣ። ከየትኛውም ሾት የሚበልጥ ጉዳይ ነው።

የደሴ ጠዋት ብርድ ነው፤ ጉም የሚያድርበትም ቀን አለ። በብርድ ያደረ ካሜራ የእንፋሎት ክፍል ውስጥ ወዲያው ሲወጣ ሌንሱ ላብ ያወጣል፤ ይህንን በጨርቅ መጥረግ አያድንም፣ ውስጡም ሊላብ ይችላል። ቦርሳው ሳይከፈት 30 ደቂቃ ያህል ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ረዳቱ ይህን ስለሚያውቅ በሦስቱም ቀን ቦርሳው ከሁሉም ዕቃ በፊት ገብቷል።

አዛንና ጀበና

በደሴ ድምፅ የሚቀርጽ ሰው የሶላትን ሰዓትም የቅዳሴን ሰዓትም ማወቅ አለበት። በዚያ ሰሞን የዙሁር አዛን ከቀኑ 6፡30 አካባቢ፣ የአስር ደግሞ 9፡30 አካባቢ ነው። አዛን ሲጀምር ንግግር ያለበት ቀረጻ ይቆማል፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታም እንዲሁ። በመጀመሪያው ቀን ዙሁር ላይ ሁሉም ውጭ ወጥተው ሲያርፉ ካሜራማኑ አዘጋጇን አስፈቅዶ ቀረ፤ ድምፅ የማያስፈልጋቸውን ሾቶች መቅረጽ ጀመረ። የጀበናው አፍ፤ ስኒ ላይ የሚወርደው ቡና፤ ፈንድሻ የሚበትኑ እጆች፤ የረከቦቱ ጠርዝ። 50ው ከ35 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለማይቀርብ ካሜራው በዚያ ርቀት ላይ፣ ከእንፋሎቱ ጎን ሆኖ ተተከለ፤ ከላይ ቢሆን የሌንሱ ፊት ይደበዝዛል። እያንዳንዱ ሾት 10 ሰከንድ ያህል ተያዘ። በሦስት ቀን ውስጥ እንዲህ ያሉ 11 ሾቶች ተጠራቀሙ። ከ62ቱ ዕቅድ ውስጥ አንዱም አልነበረም።

መስመሩ

የከበደው ስሕተት የደረሰው በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ነው።

ልጁን የሚጫወተው ተዋናይ እስከ 7 ሰዓት አልመጣም። ጊዜ እንዳይባክን የእናትየው የብቻ ሾቶች ቀድመው ተቀረጹ፤ እሳቸውም ባዶውን በርጩማ እያዩ ተጫወቱ። ካሜራው ከረከቦቱ በስተመስኮት በኩል ነበር፤ በፍሬሙ ውስጥ እናት ወደ ቀኝ ታያለች። በእናትና በልጅ መካከል የሚሰመረው የማይታይ መስመር እዚህ ላይ ተወሰነ፤ ካሜራው ከዚህ በኋላ ከመስመሩ በዚያው ወገን ሲቆይ ልጁ ወደ ግራ ያያል፤ ተመልካቹም ሁለቱ እየተያዩ መሆኑን ሳያስብ ያውቀዋል።

ልጁ ሲመጣ ፀሐይ ከምሥራቁ መስኮት አልፋለች። ያማረው ብርሃን በበሩ በኩል ነበር። ካሜራማኑ በክሊፑ ልማድ ትራይፖዱን አንሥቶ ረከቦቱን ዞረና በማዶ ተከለው። ምስሉ በእውነት አምሯል። ሰባት ሾት እንዲህ ተቀረጸ፤ በሁሉም ልጁ ወደ ቀኝ ያያል። እናትም ወደ ቀኝ፣ ልጅም ወደ ቀኝ፤ ሁለቱም ሦስተኛ ሰው የሚያዩ ይመስላሉ።

ማንም አላየውም። ሞኒተር የለም፤ አዘጋጇ የምታየው በካሜራው ባለ 3 ኢንች ስክሪን ከካሜራማኑ ትከሻ በላይ ነው። የቀጣይነት ተቆጣጣሪ፣ ማለትም ሾቶቹ እርስ በርስ መግጠማቸውን የሚከታተል ሰው፣ የለም። እናትና ልጅ በአንድ ሰዓት ቢቀረጹ ኖሮ ዓይናቸው ራሱ ይናገር ነበር፤ አራት ሰዓት ተራርቀው ስለተቀረጹ ግን ማነጻጸሪያ ጠፋ። መከላከያው ቀላል ነበር፦ የመጀመሪያው ሾት ሲያልቅ የካሜራው ወገን ወለሉ ላይ በፕላስተር መስመር ይሰመራል፣ በስልክም የፍሬሙ ፎቶ ይነሣል፤ «እናት ወደ ቀኝ» ተብሎ በሾት ዝርዝሩ ላይ ይጻፋል። ብርሃኑ ከሄደም የሚንቀሳቀሰው ፓነሉ ነው፤ አንሶላውን መስኮቱ ላይ ሰቅሎ ከውጭ በፓነል መምታት የጠዋቱን ብርሃን ያህል ባይሆንም ያስመስላል።

ካርዱ

ተማሪው ቀረጻውን ያስኬደው ኦል-አይ በሚባለው ጥራት ነው፤ በደቂቃ 650 ሜጋባይት ያህል ይበላል። 32 ጊጋባይት በዚህ ልክ 49 ደቂቃ ነው። የሠርጉ ልማድ እዚህ ገባ፤ በቴኮች መሐል ካሜራው አልተዘጋም። ሁለቱም ካርዶች ምሳ ሳይደርስ ሞሉ። የካርድ ማንበቢያው አሮጌ፣ በሰከንድ 20 ሜጋባይት የሚያነብ ስለነበር አንዱን ካርድ ለመገልበጥ 27 ደቂቃ ወሰደ፤ ሁለቱን፣ ያውም ወደ አንድ ሃርድ ዲስክ ብቻ፣ ወደ አንድ ሰዓት። በመሐሉ መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ።

አዘጋጇ ካርዱን ፎርማት አድርጎ እንዲቀጥል ስትጠይቅ ካሜራማኑ እምቢ አለ። ሁለተኛ ቅጂ ሳይኖር ካርድ አይጸዳም። ትክክል ነበር፤ ለዚያ ቀን ከወሰናቸው ውሳኔዎች ሁሉ ይህ ይበልጣል። ረዳቱ ፒያሳ ወርዶ ሌላ ካርድ በውሰት አመጣ። ከዚያ ወዲያ ካሜራው የሚከፈተው አዘጋጇ ስትል ብቻ ሆነ፤ ከድርጊቱ በፊት 5 ሰከንድ፣ «ቁም» ከተባለ በኋላ 5 ሰከንድ ይቆያል። ኤዲተር የሚቆርጥበት ሥፍራ ያገኛል፣ ካርዱም ይተርፋል። የሞላ ካርድ በቀይ ፕላስተር ይታሸጋል፤ ፕላስተሩ የሚነሣው ሁለቱ ቅጂዎች በፋይል ብዛትና በመጠን ከተመሳከሩ በኋላ ነው።

ፀሐይና ጦሳ

ሁለተኛው ቀን ውጭ ነው። ደሴ በ11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናትና በሚያዝያ 11 አካባቢ ፀሐይ ቀትር ላይ ልክ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ በነሐሴ አጋማሽ ማለፊያ ላይ እንደገና። በዚህ ሰሞን ከረፋዱ 4፡30 እስከ 8፡30 ድረስ የሰው ዓይን ከቅንድቡ ጥላ ሥር ይጠፋል። ቅርብ ሾቶች በዚህ ሰዓት ወደ ቤቱ ጣሪያ ክንፍ ጥላ ተወሰዱ።

የመለያያው ትዕይንት ግን በወርቃማው ብርሃን እንዲሆን ታቅዶ ነበር። የስልኩ መተግበሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው 12፡30 ገደማ ነው አለ፤ ቡድኑም 11፡30 ላይ ካሜራ ተከለ። መተግበሪያው ጦሳን አያውቅም። ተራራው ከከተማዋ በስተምዕራብ ስለሆነ ከግርጌው ያሉ ሠፈሮች ከትክክለኛው መግቢያ በፊት አንድ ሰዓት ገደማ ቀድመው ጥላ ውስጥ ይገባሉ። ካሜራው ሲዘጋጅ ብርሃኑ ሄዶ ነበር። በማግሥቱ ትዕይንቱ በምሥራቅ በኩል ወዳለው ተዳፋት ተዛወረ፤ እዚያ ምሽት ላይ የጦሳ ጥላ ዘግይቶ ይደርሳል። ማንኛውም የደሴ ቀረጻ ከመተግበሪያው ይልቅ በዋዜማው በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ቆሞ ማየትን ይጠይቃል።

የሰኞ ገበያው ሾት ቀላል ነበር፤ ከአንድ ሱቅ በረንዳ፣ በ135 ሚሊ ሜትር፣ ባለቤቱን አስፈቅደው፣ ሰው ካሜራውን ሳያይ 20 ደቂቃ ውስጥ አለቀ።

የሐረጎ ቁልቁለት መንገድ ግን አስቸገረ። ልጁ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ በመስኮት ያያል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ይጠማዘዛል። በእያንዳንዱ ጥምዝ ፀሐይ ከግራ ወደ ቀኝ ትዘላለች፤ የአንድ ደቂቃ ንግግር ውስጥ የልጁ ፊት አራት ጊዜ ይጨልማል፣ አራት ጊዜ ይበራል። መጀመሪያ ኤንዲውን እያዞሩ ለማስተካከል ተሞከረ። በግልጽ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 100 እና በ1/50 ሹተር፣ ኤፍ 4 ላይ ለመቅረጽ 5 ስቶፕ መቀነስ ያስፈልጋል፤ የሚዞር ኤንዲ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ደግሞ በሰፊ ሌንስ ላይ የመስቀል ቅርጽ ጥላ ይጥላል። በየጥምዙ ማዞሩ ራሱ ምስሉ ላይ ታየ። የሠራው መፍትሔ ይህ ነው፦ ሚኒባሱ አንድ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ደመና ሲሸፍን ብቻ፣ ያንኑ ርቀት ስድስት ጊዜ ተመላለሰ። የመስኮቱን ነጸብራቅ ፖላራይዘር የሚባለው ፊልተር ቀነሰው፤ እርሱም ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ ይወስዳልና ኤንዲው ወጣ።

በኤዲቲንግ ጠረጴዛ

ሰባቱ የልጁ ሾቶች መስመር መሻገራቸው የታወቀው ከሳምንት በኋላ ነው። ተዋናዩ በዚያን ጊዜ ፀጉሩን ተላጭቶ ነበር፤ እንደገና መቅረጽ አልተቻለም።

ኤዲተሩ መጀመሪያ ምስሉን ግራ ቀኝ ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ግድግዳ በሆነባቸው በሁለቱ ሾቶች ሠራ፤ ልጁ ወደ ግራ አየ። በቀሩት አምስቱ ግን ከጀርባው የግድግዳ ካላንደር አለ፤ ፊደሉ ተገለበጠ፣ የጃኬቱም ኪስ ከግራ ወደ ቀኝ ዞረ።

ለአምስቱ የቀረው መንገድ በእናት ፊትና በልጅ ፊት መካከል አቅጣጫ የሌለው ሾት ማስገባት ነው። በቅርብ የተያዘ እጅ ወይም የሚቀዳ ቡና ወደ ቀኝም ወደ ግራም አያይም፤ ተመልካቹ ከእርሱ ሲመለስ የሰዎቹን አቀማመጥ እንደ አዲስ ይቀበላል። በአዛን መሐል የተጠራቀሙት 11 ሾቶች ለዚህ ዋሉ። እያንዳንዱ 10 ሰከንድ ያህል ተይዞ ስለነበር ኤዲተሩ ከፈለገው ቦታ ቆረጠ፤ ሦስት ሰከንድ ብቻ ቢያዙ ኖሮ ንግግሩ ባለበት ቦታ አይበቁም ነበር።

ያለቀው ፊልም 11 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። ከ11ዱ የጀበናና የእጅ ሾቶች ዘጠኙ ውስጡ አሉ፤ በድምሩ 48 ሰከንድ። አዘጋጇ ለካሜራማኑ በላከችው የመጨረሻ ቅጂ ላይ የልጁ መነሣት ከስክሪፕቱ በተለየ መንገድ ተቀምጧል፦ ፊቱ አይታይም፤ የሚታየው ያልተቀዳው የበረካ ስኒ ነው፣ በሩ ሲዘጋ ድምፁ ብቻ ይሰማል።